የቱሪያ ቢሮ በገንደ ቆሬ

እኔ ማተቤን ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ድሬዳዋ ኖሮ ወላሂ ሳይል የሚውል ሰው ካለ አሳዩኝ። እና ወላሂ፣ እንደ ቱሪያ የሚሮጥ ጣት አይቼ አላውቅም። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ የምትመታ ልጅ ነበረች፤ ጊዜው የደርግ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት። ገንደ ቆሬ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን የምንኖረው፤ እኔ ትርንጎና ባሌ አየነው በአንድ ወገን፣ እሷና ባሏ አብዲቃድር በሌላው፣ መካከላችን አንድ የኒም ዛፍና አንድ ቧንቧ። ያኔ ታይፒስት መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሪያዋን ለብሳ፣ ሻሿን ሸብ አድርጋ ጠዋት ስትወጣ የሰፈሩ ሴት በዓይኑ ይሸኛታል። እሷ ግን ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ማታ ስትመለስ ድስቴን ከፍታ ሳታይ ቤቷ አትገባም።

ልጇ ሉል ስትወለድ ነው ነገር የመጣው። ልጅቱማ ምን አጠፋች፤ ጡጦ አልይዝም አለች እንጂ። በማንኪያ ብንል፣ በጨርቅ ብንል፣ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። የእናቷን ጡት ብቻ። የወሊድ ፈቃዱ ደግሞ አለቀ። የቱሪያ እናት መልካ ጀብዱ አትክልት እየነገደች ሌሎች ልጆች ታሳድጋለች፤ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እገባለሁ፤ አብዲቃድር የጭነት መኪናው አሰብ መንገድ ላይ ተበላሽታበት እዚያው መለዋወጫ ይጠብቃል። የቤቱ እንጀራ በቱሪያ ጣት ላይ ነበር፤ ቱሪያ ደግሞ ልጇን ትታ መውጣት አልቻለችም።

ስለዚህ አለቃዋ ዘንድ ሄዳ ሥራውን ቤቴ ሆኜ ልሥራ አለች። አለቃዋ ጓድ ቡልቻ ይባላል፤ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቢሮ ሲገባ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ካልተነሣለት በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። እምቢ ይላታል ብለን ነበር። ግን ለዘመቻው የሚባዛው ጽሑፍ እንደ ጎርፍ እየመጣ የቢሮው ሰው አልቻለውም ኖሯል። መጋዘን የተቀመጠ አሮጌ ታይፕ ለሙከራ እሰጥሻለሁ፣ ታይፑን ቤትሽ ለማስገባት የቀበሌውንም ፈቃድ እኔ አስጨርሳለሁ አላት። ነገር ግን የመንግሥት ሥራ በርጩማ ላይ አይሠራም፤ ጠረጴዛና ወንበር ያለው ደንበኛ ቢሮ ካላዘጋጀሽ፣ ወይም ስቴንስል ካበላሸሽ፣ ታይፑም ይመለሳል፣ ቦታሽንም ሌላ ሰው ይይዘዋል። ቤትሽ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አላት።

ይኼን የሰማ ባሌ አየነው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። የምድር ባቡር አናጢ ነው፤ የፉርጎ ወለል ሲጠግን፣ የመቀመጫ እንጨት ሲለውጥ ዕድሜው ያለቀ፣ ለራሱ ቤት ግን መደርደሪያ እንኳ ያልሠራልኝ ሰው። አልጋችን ሥር ከአሮጌ ፉርጎ የወጣ ምርጥ ጣውላ ደብቆ ነበር። እኔ ስለምነው የኖርኩትን ጣውላ ለቱሪያ በአንድ ቃል አወጣው። ምቀኝነት አይደለም፤ ግን ሰው መናገርም አለበት።

ታዲያ እንዴት ያለ ጠረጴዛ ሠራ መሰላችሁ። ለገሃር ሄዶ የጣቢያ ሹሙን ጠረጴዛ ቁመት ለክቶ መጣ። ከሥራ ሲመለስ ከኒሙ ሥር ተቀምጦ ይልጋል፣ ይፈቀፍቃል። የአራቱን እግር ጫፍ እንደ አንበሳ መዳፍ አድርጎ ቀረጸው፤ ጥፍር ሳይቀር። ወንበር ጨመረለት። ጠረጴዛው ቱሪያ ቤት ሲገባ የሰፈሩ ሰው ማሻላህ እያለ ተከትሎ ገባ፣ ቱሪያም ዘይት የጠጣውን እንጨት እየዳበሰች አለቀሰች። አየነው አገጩን ወደ ላይ ይዞ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ምክንያት በደጇ ሲያልፍ ሰነበተ።

ታይፑ መጣ፤ ሥራው ተጀመረ፤ ጉዱም ተጀመረ። ስቴንስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ሰሙን እየቆረጠ ይገባል፣ ከዚያ በማባዣ ይባዛል። አንድ ፊደል ከሳትሽ በቀይ ማረሚያ ቀለም ቀብተሽ፣ እስኪደርቅ እፍ እያልሽ ትጠብቂያለሽ። ሁለት ሦስት ስሕተት ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ወረቀቱ ተበላሸ ነው። ሉል ደግሞ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ትተኛና ዓይኗን ስትገልጥ የእናቷን ፊት አታይም፤ የምታየው እግሯን ብቻ ነው። ኡኡታውን ታቀልጠዋለች። ቱሪያ አንሥታ ታቅፋታለች፤ ሉልም በዚያች ወፍራም መዳፏ ፊደሎቹን ጠፍ ታደርጋለች። አንድ ገጽ ሄደ። በምሳ ሰዓት ድሬዳዋ በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ልጅቱም ስትተኛ ልሥራ ብትል፣ የዚያ ትልቅ ጠረጴዛ ሆዱ እንደ ከበሮ እየጮኸ ሉልንም ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳል። ቱሪያ ከሳች። ድስቴን መክፈት እንኳ ተወች። ጓድ ቡልቻ የሚመጣበት ቀን እየደረሰ ነበር፤ የተበላሸው ገጽ ካልተበላሸው ይበልጣል።

አንድ ቀን ከፈረቃ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ በሯን ገፋ አደረግሁ። ጠረጴዛው ባዶውን ቆሟል። ቱሪያ ፍራሹ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ታይፑ ፊት ለፊቷ የአብዲቃድር ሻንጣ ላይ፣ ሉል ታፋዋ ላይ ተጋድማ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ጣቶቹ ይሮጣሉ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ለስለስ ያለ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፤ ድምፁን ፍራሹና ምንጣፉ ውጠውታል። ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጠች።

«እትዬ ትርንጎ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ጋሼ አየነው እንዳይሰማ» አለችኝ።

ምን ያሳፍራል አልኳት። የመንግሥት ሥራ መሬት ላይ ስሠራ ቢያዩኝ ጓድ ቡልቻ ያባርሩኛል አለች፤ ጋሼም ያን ሁሉ ደክመውበት ልባቸው ይሰበራል አለች። ሻንጣውም አልተመቻትም፤ እየተወዛወዘ መስመሩ ይዘምባታል። የሚያስፈልጋት ደህና ጠረጴዛ ነው፤ ግን አጭር። እኔ ገረመኝ እንጂ አልሳቅሁም። በዚህ ከተማ ሰው መሬት ላይ ይበላል፣ መሬት ላይ ይጫወታል፣ ሽማግሌው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ስንቱን ጠብ ያስታርቃል፤ ሥራ ሲባል ግን ሁላችንም ወንበር ብቻ ነው የታየን።

ለአየነው ነገርኩት። ነገሩን በማር ብለውሰው እንኳ አልዋጥ አለው። እግር ያለው ነገር በእግሩ ነው የሚቆም አለኝ፤ ራቱንም ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አቦ፣ ወንድ ልጅ ሲያኮርፍ ከሕፃን ይብሳል። ጠዋት ግን ጠረጴዛው እንከን እንደሌለው ላሳያት ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ወንበሩ ላይ ጉብ ብሎ ክርኑን አሳርፎ፣ ይኸው ምን ጎደለው እያለ ሳለ፣ ሉል ከታች ማልቀስ ጀመረች። ቱሪያ ቧንቧ ጋ ነበረች። አየነው እሹሩሩ አለ ከወንበሩ ሳይነሣ፤ አልሰማችውም። ጎንበስ አለ፤ አልበቃትም። በመጨረሻ ያ ረጅም ሰውዬ ጉልበቱን እያንቋቋ ወርዶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ፊቱን አየችና ዝም አለች፤ ጢሙንም ያዘችው።

ጢሙን ተይዞ እዚያው እንደተቀመጠ ቀና ብሎ የሠራውን ጠረጴዛ ከሥር አየው።

«ከዚህ ሲያዩት ግድግዳ ነው» አለኝ። «እኔ ለጣቢያ ሹሙ ነው የሠራሁት። መጋዜን አምጪልኝ።»

አመጣሁለት። ያው አየነው አየነው ነው፤ የአንበሳውን መዳፍ አልቆርጥም ብሎ እግሮቹን ነቅሎ ከላይኛው ጫፍ ቆረጣቸውና መልሶ ገጠማቸው። ጠረጴዛው የተኛ አንበሳ መሰለ። ቱሪያ ሁለቱም ጉልበቷ ከሥሩ ገባ፤ ሉልም ከጎኗ ቦታ አገኘች። ወንበሩ የልብስ መስቀያ ሆነ። የተበላሸውን ገጽ ሁሉ እንደገና መታችው።

ጓድ ቡልቻ በቀጠሮው ቀን መጣ። አገር በተኛበት ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። እኔ ከሷ ጋ ነበርኩ፤ አየነውም አላስችለው ብሎ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ሰውዬው ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና ቢሮው የት ነው አለ።

ቱሪያ ያኔ ታይፑ ላይ ነበረች፤ ሉል ታፋዋ ላይ ተኝታለች። ልትነሣ ሞከረች። ሉል በእንቅልፏ አለቀሰች። ቱሪያ ግማሽ ተነሥታ ቀረች፣ መነሣትም መቀመጥም አቃታት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ተመልሳ ተቀመጠችና በቀጭን ድምፅ «ኖር» አለች። ተቀምጣ ኖር። በቃ፣ አለቀላት አልኩ በልቤ።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እንደ ልማዱ እስክትነሣ ሊጠብቅ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን አጎንብሶ የጫማውን ክር ፈታ። በካልሲው ገባ፤ ከጠረጴዛው ላይ የተመታውን ስቴንስል አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። አንዱን አየ። ሌላውን አየ። ሁሉንም አየ፤ የቀይ ማረሚያ ነጠብጣብ ፍለጋ ዓይኑን እስኪያጠብ።

ከዚያ ያ የተተኮሰ ሱሪው እንዳይጨማደድ እንኳ ሳያስብ ቱሪያ ፊት ቁጢጥ አለ።

«በእግዜር» አለ በሹክሹክታ። «አትነሺ፣ ልጅቱ ትነቃለች።»

ከቦርሳው ያልተከፈተ የስቴንስል እሽግ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላት። ቱሪያም በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።