ሩፈስ ያልሄደበት ጨዋታ

ሩፈስ ፔቲግሪው ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ተጫዋች መመልመል ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «ልጁን በአካል ሳላይ አንድ መስመር አልጽፍም» እያለ ወጣት መልማዮችን ቁም ስቅላቸውን ያሳያቸው ነበር። ዘንድሮ ግን በዚያ በረዶ አዮዋ ድረስ መንዳት ታከተውና ኦርዌል ታቸር የሚባለውን ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በቪዲዮ አየው። ሚስቱ ስልክ እያወራች ስለነበር ድምፁን ዘግቶታል። እሱ ብሎ መልማይ! «ጎበዝ ነው፤ ግን አፉን አይከፍትም፣ ጓደኞቹን አያስጠነቅቅም» ብሎ ጻፈ።

ቡድኑ አዲስ ተጫዋች የሚመርጥበት ቀን ደረሰ። አሰልጣኙ ወረቀቱን አነበበና፣ «እኛ ስንሸነፍ የከረምነው ሜዳ ላይ የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነው። ሌላ ዲዳ ምን ያደርግልናል? ሩፈስ፣ መቼም ሄደህ አይተኸዋል፣ አይደል?» አለ።

ሩፈስ ፊቱ ጋለ። «አዎ» በሚል አንገቱን ነቀነቀ። የልጁ ስም ከእጩዎቹ ሰሌዳ ላይ ተፋቀ።

ሲወጣ፣ ለትውውቅ ተጠርቶ የመጣው ኦርዌል ኮሪደሩ ላይ ብድግ ብሎ ጨበጠው። ድምፁ ሰልሏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ስጮኽ እየዋልኩ ጉሮሮዬ አልቋል። እናቴ እንኳ ‹አንተ ልጅ፣ አፍህ አያርፍም?› ትለኛለች። በዚያ በረዶ እኔን ብለው አዮዋ ድረስ እንደመጡ ነገሩኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል» አለ ሩፈስ።