ልጅ ዝም ሲል

ሰርካለም ወደ ኩዌት ስትመለስ ገና ጥርስ ያላወጣ ልጇን ምስክርን ለእናቷ ለየትምወርቅ ትታ ሄደች፤ ከልጁ ጋር የዱቄት ወተት በጣሳ። ለስንት ውሃ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ሰርካለምም አሳይታታለች። ግን እናቱ ባሕር ለተሻገረችበት ልጅ ቀጭን ወተት የምትሰጥ አያት የት አለች? የትምወርቅ አንድ ማንኪያ ትጨምራለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያያት ደግሞ አንጀቷ አይችልምና ትደግማለች። ጡጦው ሲዘቀዘቅ ወተቱ እንደ አጥሚት ይንቀረፈፋል።

እንዲህ ሲሆን ሰነበተና የምስክር ሆድ ደረቀ። ፊቱ በርበሬ መስሎ ያምጣል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ይጮሃል። ከስንት ጭንቅ በኋላ የፍየል በጠጥ የመሰለ ጠብ ይልለት ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ።

ጎረቤቷ ድንቅነሽ ጩኸቱን ሰምታ መጣች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሳሙና በቀጭኑ ቅረጪና ከታች አስገቢለት። ካልሆነም ቅቤ አስውጪው። እኛስ በምን አደግን?»

የትምወርቅ ልጁን ከድንቅነሽ አርቃ አቀፈችው። ሰርካለም የማታውቀው ታላቅ ወንድም ነበራት፤ አሻግሬ ይባላል። ያኔ ከአቀስታ ከተማ ወዲያ ደጋው ላይ ነበር የሚኖሩት። የአሻግሬ ሆድ ተነፍቶ ሲጮህ ሰነበተ። ቅቤ አስዋጡት፣ ሳሙናውንም ሞከሩ፣ ሆዱን አሹት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝም አለ። ባሏ ከእርሻ ሲገባ «ተሻለው፤ ተኝቷል፣ ቀስ በል» አለችው። ደስ ብሏት ቂጣ ጋገረች። ጋግራ ስትጨርስ ልታየው ጎንበስ አለች፤ ልጁ ቀዝቅዟል።

ማንም አልወቀሳት። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች፤ ሆዷ ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ሊፈጀው አልቻለም። ገበያ መሀል ቆማ ልቅሶ ይሰማታል፤ ዞር ስትል ማንም የለም። አሁን ምስክር ሲያለቅስ ሁለት ልጆች የሚያለቅሱ ይመስላታል፤ አንደኛው ሁልጊዜ ቀድሞ ዝም ይላል።

«ሳሙናም ቅቤም አልነካውም!» ብላ ድንቅነሽን አስደነገጠቻትና ልጁን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰች።

ሲስተር መሰረት ሆዱን ዳሰሰችው። ትውከትም ደምም እንደሌለው ጠይቃ ተረዳች።

«ወተቱን እንዴት ነው የሚበጠብጡት እማማ?»

የትምወርቅ አቀርቅራ ተናገረች።

«ያደረቀው መወፈሩ ነው። ጣሳው ላይ ባለው ልክ ያድርጉ። ሰባት ወሩ ስለሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ትንሽ ያጠጡት፣ የበሰለ ፓፓያ ጨፍልቀው ያብሉት። ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት፤ በጀርባው አስተኝተው እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ያንቀሳቅሱለት። ሳሙና እንዳያስገቡበት። ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይ ደም ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡት። አብሽሩ፣ ደህና ነው።»

ስስቷ ራሱ ልጁን እንዳሳመመው ስታውቅ የትምወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

የታዘዘችውን አንድም ሳታጎድል አደረገች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳፋው ውስጥ እግሩን ስታንቀሳቅስለት ምስክር አንዴ አማጠና ውሃውን አበላሸው። የትምወርቅ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ማን ተዳረ?» አለች ድንቅነሽ ከአጥር ወዲያ።

«ካካ አለልኝ! ካካ!»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ልጁ ታጥቦ፣ ጠጥቶ፣ ከስንት ቀን ወዲህ ሆዱ ቀሎት ጋደም አለ። ድንቅነሽ ወደ ቤቷ ገባች፤ ቤቱ ጭር አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የትምወርቅ መዳፏን ሆዱ ላይ አኖረች። ከፍ ዝቅ ይላል። እጇ የነገራትን ግን ልቧ አላመነም፤ ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ደቀነች።

ስልኩ ጮኸ፤ የልጁን ሕመም ትናንት የነገረቻት ሰርካለም ነበረች።

«እማዬ፣ ምስኬ እንዴት ሆነልሽ?»

«ተመስገን፣ ሆዱ ተፈታ።»

«እሰይ! ታዲያ ድምፁ የለም፤ ተኝቷል?»

የትምወርቅ «ተኝቷል» ልትል ስትል፣ ያን ረፋድ ስለ አሻግሬ ለባሏ የነገረችው ያው ቃል መሆኑ ታወሳት። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና የልጁን የእግር ጣት ቆነጠጠች። ምስክር ተቆጥቶ ነቃ፤ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«ኧረ ምን ሆኖብኝ ነው?» አለች ሰርካለም ደንግጣ።

«ምንም አልሆነ ልጄ» አለች የትምወርቅ እያነባች፤ ስልኩን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋችው። «ስሚው።»