በብርድ ወራት የማይታደርበት ቤት

የገዛነው ቤት ውሃው ዳር ከተደረደሩት ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ቦታዋ ከተማ የምትባለው ለክብሯ ነው፤ ፖስታ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሰዎች ሸርጣን የሚያጠምዱበት የእንጨት መተላለፊያ፣ በቃ። በመካከሏ አንድ መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ በላይ ያሉት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይኖርባቸዋል። ከመንገዱ በታች፣ ወደ ውሃው ያሉት ግን ድሮ ለሙቀት ወራት መዝናኛ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ኖቬምበር ከገባ ጀምሮ ኤፕሪል እስኪመጣ ድረስ ማንም አያድርባቸውም። ዞኒንግ ይሉታል። ቧንቧው ከመሬት ብዙ አልጠለቀም፣ የፍሳሽ ጉድጓዱም ለዓመት ኑሮ አልተቆፈረም። ምክንያት አላቸው፤ እኛን ለማንገላታት ብለው ያወጡት ደንብ አይደለም።

ይህን ሁሉ እኔና ታናሽ ወንድሜ ስንገዛ እናውቅ ነበር። የረከሰልንም ለዚሁ ነው። እኔ ሳላነብ የማልፈርም ሰው ነኝ፤ ወንድሜ እየሳቀብኝ እያንዳንዱን ገጽ አንብቤ ነው ሳይን ያደረግሁት። በሙቀቱ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ልንውልበት፣ ለፍልሰታ ደግሞ ሱባኤ ልንይዝበት ነበር ሐሳባችን።

ያላሰብነው አባባን ነው።

አባባ እናታችን ካረፈች በኋላ ነው ወደ እኔ የመጡት። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ቀን ከሊፍቱ ወጥተው የሌላ ሰው በር ሲያንኳኩ አንድ ጎረምሳ ጮኸባቸው። ያላቸው ነገር አልገባቸውም፤ ድምፁ ግን ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን አልወጡም። በአገራቸው የተጣላው ሁሉ ጠቡን ይዞ የሚመጣባቸው ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ቤት ግን ከሥራ ስመለስ መብራት ሳያበሩ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። «እንዴት ዋሉ አባባ?» ስላቸው «ዋልኩ» ይሉኛል። እንቅልፍም አልነበራቸውም። ሌሊት ዳዊት ሲደግሙ እሰማቸዋለሁ፤ ለጸሎት የተነሱ እንዳልሆነና እንቅልፍ እንዳጡ አውቃለሁ።

በሜይ ወንድሜ ለሳምንት ብሎ ወደ ውሃው ቤት ወሰዳቸው። ልመልሳቸው ስሄድ ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው፣ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጅ ያነሳሉ። ሰዉም ያነሳላቸዋል። አልመለስኳቸውም። ጎመን ተከሉ። ከመንገዱ በላይ ከምትኖረው፣ ባሏ ከሞተባት አሮጊት ፈረንጅ ጋር ዳቦና ቲማቲም ይለዋወጣሉ። አንድም ቃል ሳይግባቡ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያወሩ ይውላሉ። ማታ ደግሞ ጋደም እንዳሉ ይወስዳቸዋል፣ እስኪነጋ።

ኦክቶበር ሲያልቅ ልብሳቸውን ልሰበስብ ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት እየተከሉ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ደንቡን ነግረንዎት የለ?»

«ነግራችሁኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይህ የሚደርሰው በሰኔ ነው» አሉና ወደ መደባቸው ተመለሱ።

ወንድሜ አሌክሳንድሪያ የተከራየውን የምድር ቤት ክፍል ለቀቀና አብሯቸው ገባ። ቧንቧው ላይ የሚሞቅ ገመድ ጠመጠመ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። «እታለም፣ ታችኛው መንገድ ላይ ሰው የሚባል የለም። ማን ያያል?» ይለኛል። እኔ ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ተያዙ የሚል ወሬ ይመስለኛል። የምሠራው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ትሪ እየደረደርኩ፣ በሐሳቤ ግን አንድ መኪና እዚያ ቤት ፊት ሲቆም አያለሁ። ፊርማው የእኔ ነው። ቢያዙ ቤቱን እናጣለን፣ አባባም ወደዚያ መስኮት ይመለሳሉ። ይህን እያወቅሁ ውጡ ለማለት አንደበት አጣሁ፤ ኑሩ ለማለትም አልደፈርኩም።

ጾመ ነቢያት ከገባ ጥቂት እንደሄደ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሐሙስ ይመጣል ይላል።

ወንድሜ ሁሉንም አስቦበት ነበር። «ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት፣ ግባ ካልተባለ መግባት አይችልም። ሂተሩ ይጥፋ፣ መጋረጃው ይዘጋ፣ አባባ መኝታ ቤት ይቀመጡ። ሲሰለቸው ይሄዳል። የእኔ መኪና እዚያ መታየት የለበትም፣ ለታክሲ ሥራዬ ኤርፖርት እሄዳለሁ። አንቺ ፈቃድ ጠይቂና አብረሻቸው ዋይ።»

«እንድዋሽ ነው የምትፈልገው?»

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝምታ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ኃጢአት የሆነው?»

ሐሙስ መኪናዬን ፖስታ ቤቱ ጋ አቁሜ፣ በዝናብ በእግሬ ወደ ታች ወረድኩ። የገዛ ቤቴ ስገባ ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ፤ ሰው ያየኝ እንደሆነ ብዬ።

አባባ ጋቢያቸውን ደርበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሂተሩ ከጠፋ ቤቱ ወዲያው ነው የሚቀዘቅዘው። ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔም ጠዋት «ለአፌ ጠባቂ አኑርልኝ» ብዬ ጸልዬ ነው የወጣሁት። ስጸልይ ዝም እንድል ይሁን እውነት እንድናገር፣ አለየሁትም ነበር።

ተንኳኳ።

«መጣ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ዝም ይበሉ አባባ።»

እንደገና ተንኳኳ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ አየሁ። ሴት ናት፣ የእኔ ዕድሜ የምትሆን። ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳለች፤ ቆቡ ወደ ኋላ ወድቆ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ቦርሳዋን ውሃ እንዳይነካው ደረቷ ላይ አቅፋለች። በዚያ በር ላይ መጠለያ የለም።

«ማነው?» አሉ አባባ።

«ሴት ናት።»

«ብቻዋን?»

«አዎ።»

«ዝናቡ ላይ?»

ዳዊታቸውን ስመው ዘጉት። ተነሱ። ሮጥ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ። «አባባ፣ እግዚአብሔርን ይዤዎታለሁ! ከከፈትን እኮ እኛው ጋበዝናት ማለት ነው።»

«ወንድምሽ ያለውን ሰምቻለሁ፣ አልደነቆርኩም። ግን ሰው ደጄ ላይ ዝናብ ሲመታው፣ እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማረኝ እያልኩ ልደግም? በምን አፌ?» አልገፉኝም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁ። «ዞር በይ ልጄ።»

ዞር አልኩ።

«ካም ኢን፣ ካም ኢን» አሉ በሩን በርግደው፤ ከሚያውቋቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷ ናት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ሰው ያለ አልመሰላትም ነበር። እኔን አየችና «መግባት ተፈቅዶልኛል?» አለች። የይሉኝታ ጥያቄ እንዳልሆነ ገባኝ። ተረጎምኩላቸው።

«በሩን ይዤ ቆሜላት የለም እንዴ? ይልቅ ትግባ፣ ብርዱ እየገባ ነው።»

የዝናብ ልብሷን ተቀብለው ወንበር ላይ ሰቀሉ። ሂተሩን ራሳቸው አበሩ። እኔን በዓይናቸው ወደ ምድጃው ላኩኝ፤ ሻይ ጣድኩ፣ ዳቦ ቆረስኩ። እሷ ተቀምጣ ዙሪያውን ታያለች፤ ነጠላ ጫማቸውን፣ የመድኃኒት ሳጥናቸውን፣ የተሰጣውን ፎጣ፣ ቧንቧው ላይ የተጠመጠመውን ገመድ። አባባ ዳቦውን ወደ እሷ ገፉ።

«እሳቸው አይበሉም?» አለች።

«ጾም ላይ ናቸው።»

ቆረሰችና በላች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ይቅርታ፣ መጠየቅ አለብኝ። እሳቸው እዚህ ነው የሚያድሩት፣ ወይስ ለመጎብኘት መጥተው ነው?»

በዚያ ክፍል ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው ብላት ያልቃል። አባባ አይሰሙም፣ እሷም ለማመን የፈለገች ትመስላለች። አማራጩን ራሷ ነው ያቀረበችልኝ።

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

«እዚህ ነው ወይ የሚያድሩት ትላለች።»

«ታዲያ የት ልደር? ውሃው ሲመታ እየሰማሁ ነው የምተኛው በያት። እንቅልፌ የተመለሰልኝ እዚህ ነው በያት። ልጄ ቤት ሳለሁ ሌሊቱን እንደ ዘበኛ ነበር የማነጋው በያት።»

ይህን አላውቅም መስሏቸው ደብቀውኝ ኖረዋል። የወንድሜ ፊት መጣብኝ፣ ክፍሉን ለቆ የገባው። የአባባ ወንበርም መጣብኝ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው። እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። አባባ ይጠብቃሉ፤ ያሉት ሁሉ እንደሚደርስላት ቅንጣት ሳይጠራጠሩ፣ ፊታቸው ፈክቶ።

ተረጎምኩት። ስለ ውሃው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ዘበኛው። አንድም አላስቀረሁም።

ሴትዮዋ ሲኒውን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች። ከእሑድ በኋላ ማንም እዚህ ማደር አይችልም። የቧንቧው ውሃ ይዘጋል። ገመዱ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ይነሳል። ዳግመኛ ከተገኙ ቤቱን በሙቀት ወራት የምንጠቀምበት ፐርሚት ይነጠቃል። ቃሉ እየከበደኝ ወደ አማርኛ መለስኩት።

አባባ ሲኒዋን አዩ። «ሻይ ጨምሪላት» አሉኝ።

ጨመርኩ።

ከዚያ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያኔ በአገር ቤት ተጣልተው ለመጡ ሰዎች ይቀመጡ እንደነበረው ቀና ብለው ተቀመጡ። «እስቲ ጠይቂልኝ። የከለከሉት ሌሊቱን ነው ወይስ ቀኑንም?»

ጠየቅሁ። ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ ደንቡን ፈለገች፣ ጣቷን እያስኬደች ሁለቴ አነበበችው። «የሚለው ስለ ማደር ነው» አለች በመጨረሻ። «ውሃው ተዘግቶ፣ ከመምሸቱ በፊት ከወጡ፣ ቀን መምጣት የሚከለክል ነገር አላይም።»

«ይኸው» አሉ አባባ። «ሽንኩርቱም ቢሆን ጠያቂ የሚፈልገው ቀን ነው።»

ስትወጣ እስከ በሩ ሸኟት። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። «ያልኩትን ነው የነገርሻት?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል?»

ወንድሜ ግን በስልክ ጆሮዬን አደነቆረው። «ተርጉሚ ነው የተባልሽው ወይስ ኑዛዜ ስጪ? እሷ ራሷ ቀዳዳ ከፍታልሽ! አንድ ቃል ብትዘይ ሰማይ ይወድቅ ነበር? በቃ፣ ንስሐ አባትሽ ቤት ይስጡን!» ዘጋብኝ። እሑድ አባባን እኔ ወሰድኳቸው። እሱ ዕቃውን ጭኖ አሌክሳንድሪያ ጓደኛው ሳሎን ገባ፤ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ።

ከአባባ ጋር ግን አልቆረጠም። ሥራ ቀለል ባለለት ጠዋት ከሕንፃው ሥር ሆኖ ይደውልላቸዋል፣ ይወርዳሉ፣ ውሃ በጀሪካን ጭነው ይሄዳሉ። ከመጨለሙ በፊት መልሶ ሊፍቱ ድረስ ያደርሳቸዋል። መንገዱ በረዶ የሆነ ቀን አባባ ጫማቸውን አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። «እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «ዋልኩ» ይሉኛል። ሌሊት ዳዊቱ ይሰማኛል። እነዚያን ሌሊቶች ጌታን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ንጹሕ ሆኜ ለመታየት?

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ሳይናገረኝ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተልኝና ሦስታችንም ሄድን። ከሰዓት በኋላ አባባ ሂተሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተኙ። እንዲህ ዓይነት እንቅልፍ ካየሁባቸው ቆይቷል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ እጃቸው ከከዘራው ወርዶ። ብርሃኑ ከውሃው ላይ መሸሽ ጀመረ። ወንድሜ መኪናውን አስነስቶ ገባ፣ የቤቱን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ።

«ቀስቅሻቸው» አለኝ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ናት።

«አንተ ቀስቅስ።»

አልቀሰቀሰም። ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ የመኪና መብራት ሲያልፍ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን፤ አለፈ። ከመንገዱ በላይ የአሮጊቷ መብራት በራ። እሷ ታድራለች፤ በመካከላችን ያለው መንገዱ ብቻ ነው።

አባባ ነቁ። «መሸ እንዴ?»

«ገና ነው አባባ» አለ ወንድሜ፣ ፈጠን ብሎ።

አባባ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ጠበቁ፤ የእሱን አማርኛ እንድተረጉምላቸው ይመስል።

«መሽቷል አባባ» አልኩ።

ከዘራቸውን ፈለጉ። ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰና «እሷ እኮ አትለወጥም» አላቸው፤ ያን ጊዜ ግን እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ሰጠኝ፣ እሱ እሳቸውን ደግፎ ደረጃውን ሲያወርድ በሩን እንድዘጋ።