ጠጠር የጎረሰችው ማርሚታ

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ውስጥ፣ ማለዳ ላይ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ማስነሳት ቀልድ አልነበረም። የባለቤቴ የጭነት መኪና ማርሚታዋ፣ ያ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ማፈኛ፣ ዝጎ ከተበሳ ወዲህ ግን ሥራዋ ይኸው ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ከነልጆቿ አልጋ ሥር ገባች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ባለቤቴን አስጠሩት። «ጓድ፣ እስከ እሁድ ስብሰባ ድምጿ ካልጠፋ ከሰፈር ትወጣለች።»

ከሰፈር ውጭ ያደረች መኪና ጎማዋ አያድርም። ጎማ ከሌለ አሸዋ አይጫንም፤ አሸዋ ካልተጫነ ደግሞ እኛ ቤት እሳት አይነድም።

አዲስ ማርሚታ የሚገዛ ገንዘብ አልነበረንም። «እኔ አሠራዋለሁ» አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩና የላምባ ምድጃ ፈትቼ ከገጠምኩ በኋላ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከምድጃው የተረፈችውን ብሎን ለማንም አላሳየሁም።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከበርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ ነበሩ። ላሜራ ጠቅልለው ወፍራም ቧንቧ አወጡልኝ። ጫፉን ሊዘጉ ሲሉ ከመኪናችን ያመጣሁትን አንድ ከረጢት ጠጠር ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?»

«ጠጠር ነው አባባ። ባዶ ጀሪካን ነው የሚጮኸው፤ ሙሉው ድምፅ የለውም። ይሙሉልኝ።»

«መኪና ጀሪካን አይደለችም፣ ትተነፍሳለች።»

«በጠጠሩ መሃል ትተንፍሳ!»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ባሌ ሾፌር ነው እንጂ መካኒክ አይደለም።»

«አንቺስ?» አሉና መነጽራቸውን አጥልቀው በየዱት።

ተገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ እንደተኛ ሕፃን ነው የተነፈሰው። ባለቤቴ ከሠርጋችን ወዲህ አይቶኝ በማያውቀው ዓይን አየኝ።

ቤታችን ከዳገቱ አናት፣ የቀበሌው አዳራሽ ደግሞ ከወገቡ ላይ ነው። እሁድ ባለቤቴ ቁልቁል ወርዶ፣ ዞሮ፣ በአዳራሹ ደጅ ሽቅብ ሊያልፍ ተስማማን። እኔ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ «እንስማት» አሉ። ሕዝቡ ጆሮውን አቆመ።

ምንም የለም። ቆየን፤ አሁንም ምንም የለም።

«ይገርማል!» አሉ ሊቀመንበሩ። ብድግ ብዬ «የእጄ ሥራ ነው ጓዶች!» ስል ተጨበጨበልኝ።

ጭብጨባው ሳያባራ ባለቤቴ በእግሩ ገባ። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል።

«ዳገቱ ላይ ታፍና ጠፍታለች። መንገድ ዘግታለችና እባካችሁ ግፉልኝ።»

ስብሰባው ተበተነ። ሰፈሩ በሙሉ ከፊቷ ተሰልፎ ወደኋላ፣ ከዳገቱ ግርጌ ወዳለው አስፋልት ገፋት። አልጋ ሥር የገባችው ጎረቤቴ ከጎኔ እየገፋች «እቴ፣ ጥይቱ ይሻለን ነበር!» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መኪናዋ ግን ሞተሯ ጠፍቶ፣ ኮሽታ ሳታሰማ ቁልቁለቱን ተንሸራታ ወረደች። ሊቀመንበሩ ቆመው አይዋት።

አዳራሹ ስንመለስ ሊቀመንበሩ ወሰኑ፤ መኪናዋ ሰፈር ውስጥ ትደር፣ ጠዋት ጠዋት ግን ሞተሯ ሳይነሳ እስከ አስፋልቱ ትንሸራተት፣ እዚያ እንደፈለገች ትጩህ።

«ብታመልጥስ? ታኮ ይዞ ከጎማዋ ሥር የሚወትፍላት ማነው?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጠጠሩን ሽማግሌው በያጅ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አራገፉልኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ነጠላዬን አገልድሜ፣ የእንጨት ታኮ ታቅፌ ከጎኗ ሮጥኩ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ በሹክሹክታ፣ «ፍጠኚ፣ መካኒክ!» ይለኝ ነበር።