ከሳሎን ግድግዳ የወረዱት ፕሮፔለሮች

ጉዞውን ከመተረኬ በፊት ማን እንደሆንኩ ላስቀምጥ። ሰባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። የሜካኒክ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ሞተርን የተማርኩት አንድ የተበላሸ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው። ዛሬ ገርጂ ውስጥ ጄኔሬተር ሲያጉረመርም «ጋሽ ወርቁን ጥሩ» ይባላል። እንግሊዝኛም ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ እያነበብኩ ራሴን አስተምሬአለሁ። ጉራ አይደለም፤ ቢሆንም እውነት ስለሆነ አላፍርበትም።

የጉዞው ምክንያት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ከፎቃችን ሥር ጨርቅ ትነግዳለች። ልጇ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካለች ደሴት ለሆነ ልጅ ታጭታለች። እናት ሙሽራዋን ወደ ደሴቷ የምታሻግር፣ ከዚያም መተዳደሪያ የምትሆናት ጀልባ ገዛች፤ ከጀርባዋ ሁለት ሞተር የተንጠለጠለባት፣ ከባሕር ዳርቻ አገር ተጭና የመጣች። ባዶዋን ሲሞክሯት በረረች። ዘመድ ሲሳፈርባት ግን አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ ቀረች። የሙሽራው አጎቶችም «ሌላ ጀልባ እንከራይ» ማለት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ሠርጉ እሑድ ነው» አለችኝ። «ልጄን በኪራይ ጀልባ ልኬ አማቶቿ ፊት እንዴት ቀና እላለሁ?»

«ሞተሮቹ ደህና ናቸው» አልኳት። «ጫማቸው ነው የማይሆነው።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ገርጂ

የዘይነባ ወንድም ሰይድ ፒክአፑን ይዞ መጣ። ከሞተሮቹ የተፈቱት ሁለት ፕሮፔለሮች፣ እኔ ጫማ ያልኳቸው ውሃ ገፊ ክንፎች፣ ከኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለዋል። ፉል በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ተነሳን። ሻይ ሃያ ብር ገብቷል፤ ስኳሩ ግን ቀንሷል።

ሰይድ መሪውን እንደያዘ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እነዚህ ላይ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ትልቅ ቁጥር አይሻልም እንዴ?»

«ጭነት ይዘህ አቀበት በስንት ማርሽ ትወጣለህ?»

«በሁለተኛ።»

«በአራተኛ ብትሞክርስ?»

«ያቃስታል፣ ከዚያ ይጠፋል።»

«አየህ! ያ ቁጥር ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚራመድ የሚናገር ነው። አሥራ ዘጠኝ ረጅም እርምጃ ነው። ዝዋይ ደግሞ ከባሕር በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ላዩ ላይ ሰው ስትጭንበት ያቃስታል። የኛ እርምጃ አሥራ አምስት ነው።»

ሰይድ ሳቀ። «ጀልባ ነድተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ዶሮም እንቁላል ጥላ እንጂ ጠብሳ አታውቅም» አልኩት። መልሱ ከጥያቄው ጋር እንደማይገጥም የገባኝ ቡልቡላ ስንደርስ ነው።

ረፋድ፣ ቦሌ ቡልቡላ

ኮንዶሚኒየሞቹን አልፈን አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባን። ነጋዴው ሁለት ባለ አሥራ አምስት አወጣ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና የክንፎቹን ዘንበል አየሁ። ሁለቱም ወደ ቀኝ የሚዞሩ ነበሩ።

«ወንድሜ፣ የኛ ግራ ሞተር ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ይህን ብገጥምለት አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይገፋና ሙሽራዋ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ባለችበት ትዞራለች!»

ነጋዴው ራሱ ከሳቀ በኋላ «እንግዲያው አራብሳ ይሂዱ» አለኝ። «ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳ የነበረ ጳውሎስ የሚባል ሰው አለ። ጥንድ አለው።» የሰውየውን ስልክ ቁጥርም ሰጠኝ።

እኩለ ቀን፣ ቦሌ አራብሳ

በጎሮ በኩል አቧራና ሲኖትራክ እየተጋፋን ደረስን። አቶ ጳውሎስ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ ስንገባ ቀና ብል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ግራና ቀኝ ሁለት ፕሮፔለሮች ተሰቅለዋል፤ በመካከላቸው «ጌታ እረኛዬ ነው» የሚል ጥልፍ። እንደ ሳህን ታጥበው ያበራሉ። አንዱ ግራ ዞር፣ አንዱ ቀኝ ዞር፣ ሁለቱም አሥራ አምስት! ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ።

«እኔ ልስጣችሁ» አሉ አቶ ጳውሎስ በሹክሹክታ፤ «ባለቤትየዋ ግን እሷ ናት።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ከማድቤት ወጡ። «ሰምቻለሁ! የሳሎኔን ጌጥ? የጸሎት እንግዶቼ ሁሉ የሚያደንቁትን? በፍጹም!»

ሰይድ ስለ ሠርጉ ተማጸነ። ሴትዮዋ አዘኑ፤ ጌጡ ግን አልወረደም። ከዚያ ኩርኩፋ የሚባለውን ድብልብል የበቆሎ ምግብ ከሃለኮ፣ ማለትም ከሽፈራው ቅጠል ጋር አቀረቡ። ሥጋ የለበትምና እኔም፣ እስላሙ ሰይድም፣ ጴንጤዎቹ ባለቤቶችም ከአንድ ሳህን በላን። እየበላሁ ግድግዳውን ሳይ ሐሳቡ መጣልኝ። ሰይድን ወደ መኪናው ላክሁት፣ ከረጢቱን አስመጣሁ፣ አሥራ ዘጠኞቹን በመሐረቤ ወልውዬ መስኮቱ ጋ አቆምኳቸው። የኛዎቹ የማይዝግ ብረት ናቸው፤ ፀሐይ ስታርፍባቸው ጣሪያው ላይ ብርሃን ረጩ።

«እመቤቴ፣ ጌጥ ከሆነ ጌጥ ይሄ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ አስቴር ቀረብ ብለው ፊታቸውን አዩበት። «ጳውሎስ፣ መሰላሉን አምጣ!»

አቶ ጳውሎስ መሰላሉ ላይ ሆነው «እኔ ይሄን ሳሎን በቀየርኩ ቁጥር አንድ ወር ትቆጣለች፤ እርስዎ በአንድ ምሳ!» አሉኝ። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ጥርስ ከኛዎቹ ጋር እኩል መሆኑን ቆጥሬ አረጋገጥኩ፤ ገጠመ።

ከሰዓት፣ ዝዋይ ዳር

ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዘን፣ ሞጆን፣ መቂን አልፈን ፀሐይ ሳትበርድ ደረስን። ዘንጎቹን ግራሶ ቀባሁ፣ ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በግራ ገጠምኩ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ፣ እንዳይላላም ኮፒላ በሚሉት ሹካ ሽቦ ቆለፍኩት። ሰይድ ባዶዋን ነዳት፤ በረረች። «ጨረስን!» ብሎ ተመለሰ።

«መጀመሪያም የተሳሳታችሁት እዚህ ጋ ነው» አልኩት። «ሚኒባስ በባዶው ይፈተናል?»

ወደ ዳርቻው ዞሬ፣ እንደ መገናኛ ወያላ አፌን ከፈትኩ። «ደሴት! ደሴት! በነፃ! አንድ ሰው የቀረው!»

ዓሣ አጥማጆች፣ ባለ ዘንቢል ሴቶች፣ ፍየል የያዘ አንድ ሽማግሌ ሳይቀር ተግተልትለው ገቡ። ከወያላ የምለየው ጀልባዋ ከምትችለው በላይ አለመጫኔና ለሁሉም የመንሳፈፊያ ጃኬት ማልበሴ ነው። ሰይድ ነዳጁን ገፋ። አፍንጫዋ ተነሳ። ከዚያ ኋላዋ ቀስ ብሎ ከውሃው ወጣ፣ አፍንጫዋ ወረደ፣ ሐይቁ ላይ ተንሸራተተች። ሰይድ ባለፈው አራት ሺህን መሻገር አቃተው ያለኝ የሞተር ዙር መለኪያ መርፌ አሁን አምስት ሺህ ተኩል ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ፍየሉም አገዘ።

ለዘይነባ ደወልኩ። «የምን እልልታ ነው?» አለች።

«የሠርግሽ ልምምድ» አልኳት። ከገርጂ የእሷም እልልታ በስልኩ መጣ።

ማታ፣ ቤት

ደጄ ስደርስ ዘይነባ አዲስ ጋቢ ይዛ ጠበቀችኝ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ለጭነትህና ለአየርህ የሚሆነውን ምረጥ፤ ስትሞክርም ሞልተህ ሞክር። በአንድ ቀን ያከናወንኩትም ይኸው፦

ግራና ቀኝ የማይለይ ነጋዴን አስተማርኩ።

ነድቼ የማላውቃትን ጀልባ ረታሁ።

ፍየል በጀልባ አበረርኩ።

ሴት በፈቃዷ የሳሎኗን ጌጥ እንድታወርድ አደረግሁ፤ ይህን ያደረገ ሜካኒክ ካለ ይምጣ።

እሑድ ሙሽራዋ በእናቷ ጀልባ ትሻገራለች። አቶ ጳውሎስና ወይዘሮ አስቴርም ተጠርተዋል፤ ከፊት የሚቀመጠው ግን እኔ ነኝ።