የሻረግ ድስት

የሻረግ ሮም ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ሐሙስ ከሰዓት እረፍቷ ነውና ፒኜቶ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ወጥ ትሠራለች፤ የአገር ልጅ ተሰብስቦ ከአንድ ትሪ ይበላል፣ እግረ መንገዱንም ሰው ያማል። የዚያን ሐሙስ ተረኛው ኃይለመለኮት ነበር፤ ከወንድ ፍቅረኛው ጋር ትራም ላይ ታየ ተባለ። ደርግን ሸሽቶ የመጣ ልጅ ነው፤ ከዚህች ትሪ በቀር ዘመድ የለውም።

ሲገባ ጨዋታው ቆመ። ከተሰበሰቡት አንዱ ዓለሙ ትሪውን ወደ ራሱ ሳበና የሻረግን፣ «ለእሱ ለብቻው ሳህን ስጪው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር እጄን አልሰድም» አላት።

ኃይለመለኮት አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አለችው የሻረግ። እውነትም ለብቻው ሳህን አቀረበችለት። ዓለሙ ደስ ሊለው ሲል ድስቱን ከነዶሮው አንስታ ልጁ አጠገብ ተቀመጠችና እንቁላሉን አጎረሰችው።

«እኛስ?» አለ ዓለሙ፣ ባዶውን እንጀራ እያየ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ወጡ ያለው እዚህ ነው። የተጸየፈ በደረቁ ይብላ፤ ለሆድም ቀላል ነው።»

ጓደኛዋ አበራሽ እየሳቀች ቀድማ ተነሳች፤ ሌሎቹም እንጀራቸውን እየያዙ ተከተሏት። ዓለሙ ብቻውን ሲያላምጥ ኃይለመለኮት አንጀቱ አልችል ብሎ ወጥ ሊያወጣለት ጭልፋውን አነሳ።

«ተው፣ ትንሽ ይቆይ» አለች የሻረግ።