ለገዲሳ የሚመጥን ጠላት

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ የምታሳትመው ፋይል ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። አዳማ ውስጥ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የማያየው ወረቀት የለም፤ የኪራይ ውል፣ የሰርግ ካርድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። የእሷ ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአፍ የሚጫወቱት የጀግኖችና የዘንዶዎች ጨዋታ መመሪያ ነበር።

«ጋሼ፣ ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ ፈዝዤ ስታየኝ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። የጓደኞቼ ጀግኖች በጣም ጠነከሩብኝ፤ ምንም ባመጣባቸው አይፈሩም። ምን ይሻለኛል?»

በዚህ ጥያቄ እኔ ጓደኞቼን አጥቻለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እኔ፣ ሰሚራ፣ ከወንጂ የሚመላለሰው ወንድወሰን፣ ከሁሩታ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ገዲሳ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኛ ቤት በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ገዲሳ የእናቱን የገብስ ቆሎ በፌስታል፣ ወንድወሰን ሸንኮራ በትከሻው ይዞ ይመጣል። የግንቦት ነፋስ አቧራውን ቆሎው ላይ ይበትነዋል፤ እኛ ከነአቧራው እንቆረጥመዋለን። እናቴ የተመጠጠውን ሸንኮራ እያየች «ዝንቡን ሁሉ ጠራችሁብኝ!» ትላለች። የአራታችን ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከእሷ በቀር የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አፌ የሚፈታው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ተራኪው እኔ ነኝ። ጀግኖቹን ምን እንደገጠማቸው እናገራለሁ፤ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፤ መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። የጨዋታው መመሪያ መጽሐፍ ባለ ሃያ ጎን ዳይስ ወርውሩ ይላል፤ እኛ ከየት እናምጣው? ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለን የወተት ጣሳ ውስጥ ጨመርን። ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይቀናዋል።

ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ጀግኖቹ ጠነከሩ፤ በተለይ የገዲሳው ጦረኛ። አንድ ጊዜ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ ስጽፍና ስሰርዝ ሳምንቱን ጨረስኩት። ገዲሳ በሁለት ዕጣ ገደለው።

«ሌላ የለም?» አለኝ ቆሎውን እየቆረጠመ።

ወንድወሰን አዛጋ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ ማዛጋቱ ነው። የሰለቸው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣማ!

እናም ያላሰብኩት ተንኮል መጣልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሳይመጡ በፊት፣ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ያሉትን ቁጥሮች ከጣሳው አውጥቼ በትንንሽ ቁጥሮች ተካኋቸው። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። አንድ ተራ ሽፍታ ገዲሳን በጉልበቱ አንበረከከው፤ ወንድወሰን ከዱካው ብድግ አለ፤ ያዛጋ ሰው አልነበረም። ሰሚራ ግን የገዲሳ ዕጣ ገና ወደ ጣሳው ሳይመለስ ያንኑ ቁጥር ስታወጣ እጇን ጣሳው ላይ ጫነች።

«ይዘርገፍ» አለች።

የሰሚራ እናት የሰፈራችን እቁብ ሰብሳቢ ነበሩ። እቁብ ላይ የተጠራጠረ ሰው ይዘርገፍ ካለ ይዘረገፋል፤ እምቢ የሚል የለም። ይህን እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት? ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ሦስት ሁለት ጊዜ፣ አራት ሁለት ጊዜ፤ ሃያ የለም። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሰሚራ ቻው እንኳ ሳትል ወጣች፤ ወንድወሰን ተከተላት።

ገዲሳ በር ላይ ቆመ። «ጉልበታችንን ለምን ትሰርቃለህ?» አለኝ። «ጉልበት የማይፈታው ነገር አምጣብን እንጂ።»

እውነቱን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አገኘሁት። የማይዋጋ ሽማግሌ፣ የበር ጠባቂ። ከገደሉት በሩ ለዘላለም ይዘጋል። ወርቅ ቢሰጡት አይፈልግም። ብቻውን ብዙ ዘመን ስለኖረ አንዳቸው አብሮት ከቀረ ሌሎቹን ያሳልፋቸዋል። ገዲሳ መቶ ዘንዶ ይግደል፤ «ማን አብሮት ይቅር?» የሚለውን ጥያቄ ግን ጦር አይፈታውም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፈጥሬ አላውቅም።

ቅዳሜ በረንዳውን ጠርጌ አራት ዱካ ደረደርኩ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

ክረምቱ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ መጣ፤ ለእኔ ነጥቡ አልመጣልኝም። አንድ ጠዋት ጋሪ በራችን ላይ ቆመና ገዲሳ ሻንጣውን ትቶ ወረደ።

«አካም ጂርታ?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ» አልኩት፤ ግባ አላልኩትም።

«ጅማ ደረሰኝ። ልሰናበትህ ብዬ ነው።» በረንዳውን አየት አደረገና «ለዚያ ላልመጣንበት ቅዳሜ ምን አዘጋጅተህ ነበር?» አለኝ።

ሊታረቀኝ እንደመጣ ገብቶኛል። ኩራቴ ግን ቀደመኝ።

«ምንም» አልኩት።

«አይ አንተ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገና ጋሪው ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ለእሱ የሚመጥን ጠላት ስፈልግ ሁለት ዓመት ፈጀሁ፤ «ናፍቃችሁኛል፣ ተቀመጥ» ማለት ግን አቃተኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ ለልጅቷ የበር ጠባቂውን ሙሉ ታሪክ ሰጠኋት። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ እየተጣደፈች ጻፈችው።

«ጋሼ፣ ለምን እርስዎ አይመጡም?» አለችኝ። «እሑድ ስምንት ሰዓት እንጫወታለን፤ አንድ ሰው ጎድሎናል። ቤታችን ቅርብ ነው።»

«እሑድ ሥራ አለብኝ» አልኳት።

ዕድሜ ያስተምራል የሚል ሰው እኔን አያውቀኝም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። እሑድ እሑድ ሱቁን አልከፍትም። ይህን የምጽፈው ግን እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው።